ሰርቨራችን ከደረጃ ሥር ሲወጣ፦ የዘጠኝ ወር የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 2017፣ 3ኛ ሳምንት

ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የቢሮው ጥበቃ ጋሼ ናቸው። «ልጄ፣ ያ ከደረጃ ሥር ያለው ሳጥን አላቆም ብሎ እየጮኸ ነው። ልንቀለው?» አሉኝ። የሚጮኸው ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን በባትሪ የሚያቆየው) ነው። መብራት ከጠፋ ቆይቷል፤ የጄኔሬተሩም ነዳጅ አልቋል። «ጋሼ፣ እባክዎ እንዳይነኩት፤ መጣሁ» ብዬ ተነሳሁ። ስደርስ ጩኸቱ ቆሟል። ሰርቨሩም ቆሟል።

ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ሁለተኛው በመትረፉ ዳታው አልጠፋም። ሰኞ ግን እስከ ጠዋቱ 5 ሰዓት ድረስ ካሸሮቹ ፊት ሰልፍ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቦርዱ ተሰብስቦ «ወደ ክላውድ እንግባ» ብሎ ወሰነ። ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው ይኸው ብቻ ነው። ክላውድ ማለት የኮምፒውተር አቅምን በኔትወርክ በኩል በሚያስፈልግ ልክ መጠቀም ነው። የትኛው ክላውድ፣ ለየትኛው ሥራ የሚለው ለእኛ ቀረ። እኛ ማለት እኔና አንዲት ባልደረባዬ ነን።

ያለንን ልጻፍ። የቁጠባና ብድር ማኅበር ነን። ከ11 ሺህ በላይ አባል፣ አራት ቅርንጫፍ፤ ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አዳማ፣ አንዱ ደብረ ብርሃን። አንድ ሰርቨር፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ኡቡንቱ 18.04። በላዩ ላይ የቁጠባና የብድር ኮር ሲስተም (ዋናው የሒሳብ ሶፍትዌር፤ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 12)፣ የኢሜይል ሰርቨር፣ የአባላት ፖርታል፣ እና 400 ጊጋባይት የሚሆን ስካን የተደረገ ሰነድ። ሁሉም አንድ ሳጥን ውስጥ፣ ሳጥኑ ደግሞ ደረጃ ሥር።

ኅዳር፣ 1ኛ ሳምንት

ሳምንቱን ሙሉ ኤክሴል ላይ ነበርን። መነሻ ያደረግነው የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የክላውድ ትርጉም ነው። ጥቂት ገጽ ናት፤ አሁንም ከብዙ ሻጭ ብሮሹር ትሻላለች። ሦስት የአገልግሎት ዓይነት አለ፦ ሳስ (ሶፍትዌር)፣ ፓስ (መድረክ)፣ አያስ (መሠረተ ልማት)። አራት የአደረጃጀት ዓይነት አለ፦ ፐብሊክ (ለማንም የሚከራይ)፣ ፕራይቬት (ለአንድ ድርጅት ብቻ)፣ ኮሚዩኒቲ (ተመሳሳይ ድርጅቶች የሚጋሩት)፣ ሃይብሪድ (የእነዚህ ቅንጅት)።

ቦርዱ ፊት ይህን ቃል በቃል ብናቀርብ የሚይዝልን የለም። ስለዚህ ባልደረባዬ አንድ ዓምድ ጨመረች፦ «ሌሊት ሲበላሽ ማን ይነሳል?» ያኔ ነገሩ ለራሴም ጠራልኝ። ሳስ ከሆነ የምንከፍተው የተጠናቀቀውን ሶፍትዌር ነው፤ ከእኛ የሚጠበቀው ተጠቃሚ መመዝገብ፣ ፓስዎርድና ፈቃድ ማስተዳደር ነው። ሌሊት የሚነሱት እነሱ፣ አቅራቢዎቹ ናቸው። ፓስ ከሆነ ኮዱና ዳታው የእኛ፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ የእነሱ። አያስ ከሆነ እነሱ የሚነሱት ለመብራት፣ ለኔትወርክና ለብረቱ ነው። ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጀምሮ ያለው ቢወድቅ የምንነሳው እኛ ነን። «ክላውድ ላይ ካወጣነው አለቀ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አያስ ገዝቶ ሳስ የገዛ የመሰለው ነው።

አንድ ድርጅት አንድ ክላውድ መምረጥ የለበትም። የሚመረጠው ሥራ በሥራ እየታየ ነው። አራት ሥራ አለን፤ አራት ረድፍ ጻፍን።

ኅዳር፣ 3ኛ ሳምንት

ዋጋ። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ትልቅ ዓለም አቀፍ ፐብሊክ ክላውድ ብናወጣ ብለን አሰላን። ከእነ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) በወር 310 ዶላር ወጣ። ሐምሌ 22፣ 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ስለነበር ይህ 17,670 ብር ነበር። ዛሬ በ124 ስናባዛው 38,440 ብር። ሰርቨሩ ያው ነው፣ አገልግሎቱም ያው ነው፤ ሒሳቡ ግን ከእጥፍ በላይ። የፋይናንስ ኃላፊያችን «በጀት የምይዘው በብር ነው፤ ሂሳቡ ግን በሰው አገር ገንዘብ ይመጣል። እንዴት ልፈርምበት?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

አከፋፈሉም ሌላ ራስ ምታት ነው። አንድ የቦርድ አባል አሜሪካ ያለው ወንድማቸው በካርዱ ሊከፍልልን እንደሚችል ነገሩን። በቅንነት ነው፤ ብዙ ትንንሽ ድርጅትም እንዲህ ነው የሚሠራው። እኛ ግን ኦዲት አለብን። ደረሰኙ በግለሰብ ስም ይመጣል። የዚያ ሰው ካርድ ጊዜው ካለፈ የ11 ሺህ ሰው ሒሳብ ይቆማል። ምስጋና አቅርበን ተውነው።

ቀጥሎ ፍጥነት። በአፍሪካ የትልልቆቹ ማዕከል ያለው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ማይክሮሶፍት በ2019፣ አማዞን ኬፕታውን በ2020፣ ጉግል ጆሃንስበርግ በ2024 እ.ኤ.አ. ከፈቱ። ቅርብ መስሎኝ ነበር። ከቢሮአችን ስለካው ምላሹ ከ150 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺኛ) በላይ ይፈጃል፤ ፍራንክፈርትም እዚያው ገደማ ነው። በካርታ ላይ ያለው ርቀትና ፋይበሩ የሚሄድበት መንገድ አንድ አይደለም።

150 ሚሊሰከንድ ለዌብሳይት ችግር የለውም። የእኛ ኮር ሲስተም ግን የድሮ ነው፤ ካሸሯ አንድ የአባል ገጽ ስትከፍት ከዳታቤዙ ጋር 40 ጊዜ ያህል ይመላለሳል። 40 በ150 ሲባዛ 6 ሰከንድ። በቢሮው ኔትወርክ ላይ ምልልሱ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ስለሆነ ገጹ ወዲያው ይመጣል። በቀን 300 አባል የምታስተናግድ ካሸር ላይ 6 ሰከንድ ሲደመር ግማሽ ሰዓት ነው፤ ያውም አንድ ገጽ ብቻ ከከፈተች።

በዚህ ምክንያት የኮር ሲስተሙ ረድፍ ላይ «ፐብሊክ» የሚለውን ሰረዝነው።

ታኅሣሥ

ኢሜይል ወደ ሳስ ገባ። ክፍያው በብር ደረሰኝ በሚቆርጥ የአገር ውስጥ ወኪል በኩል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ማሰብ አላስፈለገም። የራሳችን የኢሜይል ሰርቨር በየጊዜው ጥቁር መዝገብ (አይፈለጌ መልእክት ይልካሉ የተባሉ ሰርቨሮች ዝርዝር) እየገባ፣ የምንልከው ደብዳቤ ሰው ጋ ሳይደርስ ይቀር ነበር።

ስህተት፦ የዶሜይኑ የኢሜይል አቅጣጫ መዝገብ ላይ የመቆያ ጊዜው (ሌሎች ሰርቨሮች የድሮውን አድራሻ ይዘው የሚቆዩበት) 86,400 ሰከንድ፣ ማለትም 24 ሰዓት እንደሆነ ሳላይ ቀየርኩት። ቀኑን ሙሉ ገሚሱ ኢሜይል አዲሱ ጋ፣ ገሚሱ አሮጌው ጋ ሲገባ ዋለ። አሮጌውን ስላላጠፋነው አንድም አልጠፋም፤ በእጅ አዛወርነው። ትክክለኛው አሠራር ከሁለት ቀን በፊት ቁጥሩን ወደ 300 ዝቅ አድርጎ መጠበቅ ነው።

አንድ ሕግም አወጣን፦ የአባል መታወቂያና የብድር ሰነድ በኢሜይል አይላክም። ሙሉ ምክንያቱ የገባን ግን ጥር ላይ ነው።

ጥር

የአባላት ፖርታሉን ውጭ አገር ባለ ፓስ ላይ አወጣነው። ኮዱን ትልክለታለህ፤ እሱ ይገነባል፣ ያስነሳል፣ ሰው ሲበዛ ያሰፋል። ባልደረባዬ በሁለት ቀን ጨረሰችው። ደስ ብሎን ቀበሌ መታወቂያ በፎቶ የሚላክበትን ቅጽም አብረን ከፈትን።

በአምስተኛው ቀን ትንሽ ማስተካከያ ላክን። አፕሊኬሽኑ እንደገና ተነሳ፤ የ63 ሰው የመታወቂያ ፎቶ ጠፋ። እንዲህ ዓይነት መድረክ ላይ የአፕሊኬሽኑ ዲስክ ጊዜያዊ ነው። እንደገና ሲነሳ ከባዶ ይጀምራል። የሚቀመጥ ፋይል ካለ ለብቻው ወደተዘጋጀ ማከማቻ መላክ አለበት። ሰነዱ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ እኛ አላነበብነውም። ለ63ቱም ደወልን፣ ይቅርታ ጠየቅን።

ለማስተካከል ቁጭ ስንል የሕግ አማካሪያችን ሰማና «መጀመሪያውኑ መታወቂያው እዚያ ምን ሊሠራ ሄደ?» ብሎ ጠየቀ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አምጥቶ አብረን አነበብን። የእሱ ምክር አጭር ነው፦ እዚህ አገር የሰበሰባችሁትን የአባል መረጃ እዚሁ አገር ባለ ሰርቨር አስቀምጡ፤ ወደ ውጭ ማስተላለፍ የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው። ስለዚህ ፓሱ ላይ የቀረው የብድር ማስያ፣ የወለድ ሠንጠረዥና የቅርንጫፍ አድራሻ ነው። ሰው የሚነካ ነገር ሁሉ ወጣ። ኤክሴላችን ላይም አዲስ ዓምድ ገባ፦ «የግል መረጃ አለበት?» ይህ ዓምድ ከዋጋ በፊት መምጣት ነበረበት።

የካቲት

ፕራይቬት ክላውድ መገንባት ጀመርን። ሁለት ያገለገሉ ሰርቨሮች፣ እያንዳንዳቸው 380,000 ብር። አንደኛ ፎቅ ላይ ትንሽ ክፍል ተሰጠን፤ ኤሲ ገባላት። በላያቸው ላይ ፕሮክስሞክስ የሚባል የቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያ ጫንን። ነፃ ነው፤ በዴቢያን (እንደ ኡቡንቱ ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ላይ የተሠራ ነው። ቨርቹዋል ማሽን (በሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር) መፍጠር፣ ማባዛት፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ማዛወር ሁሉ ከአንድ ገጽ ላይ ይሠራል።

እዚህ ላይ ሰው የሚከራከረኝ ነገር አለ። «ሁለት ሰርቨር ገዝቶ ክላውድ ማለት ምንድን ነው?» ይሉኛል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ብቻውን ክላውድ አይደለም። የብድር ክፍሉ የሙከራ ማሽን ሲፈልግ እኔን ሳይጠይቅ ከገጹ ላይ ራሱ ካስነሳ፣ ስንት እንደተጠቀመ ከተቆጠረ፣ ሲጨርስ አቅሙ ለሌላው ከተመለሰ፣ ያኔ ወደ ኒስት ትርጉም እየቀረብን ነው። እስካሁን የመጀመሪያው ብቻ ተሳክቶልናል።

አሁን ወደ ስህተቱ። ሁለቱን ሰርቨሮች አገናኝተን አንዱ ሲወድቅ ሌላው ወዲያው እንዲረከብ አደረግን። ለሙከራ የአንደኛውን ገመድ ነቀልኩ። የጠበቅነው ሁለተኛው እንዲረከብ ነው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ እሱም ራሱን አጥፍቶ ተነሳ፤ ከተነሳም በኋላ አንድም ማሽን አላስነሳም።

ማታ ስናነብ ገባን። ክላስተሩ (የተገናኙት ሰርቨሮች ስብስብ) የሚወስነው በአብላጫ ድምፅ ነው። ሁለት ድምፅ ካለ አብላጫው ሁለት ነው። አንዱ ሲወድቅ የቀረው «ምናልባት የተቆረጥኩት እኔ ብሆንስ? ሁለታችንም አንድ ዳታቤዝ ላይ ብንጽፍስ?» ብሎ ራሱን ይገታል። ማድረግ ያለበትን ነው ያደረገው። የጎደለው ሦስተኛ ድምፅ ነበር። ለዚህ ሦስተኛ ሰርቨር መግዛት አያስፈልግም፤ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ትንሽ ፕሮግራም አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ጫንን። ዋጋ፦ ዜሮ ብር። እንደገና ገመዱን ነቀልኩ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ማሽኖች በሁለተኛው ላይ ተነሱ።

መጋቢት

ኮር ሲስተሙን አዛወርን። ይህን ሳምንት በዝርዝር መጻፍ አለብኝ።

ሥራ እንዳይቆም ብለን ዳታቤዙን በቀጥታ ቅጂ አዛወርነው። ማለትም አዲሱ ማሽን ከአሮጌው ሥር ሥር እየተከተለ እያንዳንዷን ለውጥ ይቀዳል፤ እሑድ ማታ አሮጌውን አቁመን አዲሱን ዋና እናደርጋለን። ሁለቱም ጋ ያው ፖስትግሬስ 12 ነው። አሥር ደቂቃ ብቻ ፈጀ። የመዝገቦቹን ብዛት ቆጠርን፣ የሂሳብ ድምሩን አመሳከርን። ልክ ነው። ደስ ብሎን ወደ ቤታችን ሄድን።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንድ ካሸር ጠራችኝ። መስኮቱ ፊት አንዲት እናት ቆመዋል። የቁጠባ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው የሚይዙት። ካሸሯ ቁጥራቸውን ስታስገባ «አባል አልተገኘም» ይላል። «እማማ፣ ትንሽ ይታገሡን» አለቻቸው። እሳቸው እኔን አዩና «ልጄ፣ 18 ዓመት የቆጠብኩት ነው። የት ሄደ?» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ገንዘብዎ አለ፣ የጠፋው የመፈለጊያው መንገድ ነው ብዬ ማስረዳት አልቻልኩም፤ ያን ጊዜ ራሴም አላወቅኩትም ነበር።

መዝገቡ አለ። ሙሉውን ሰንጠረዥ ስፈትሽ ይገኛል፤ በኢንዴክስ (ዳታቤዙ ቶሎ ለመፈለግ በሚጠቀምበት የተደረደረ ማውጫ) ስፈልግ አይገኝም። ሌላ ቅርንጫፍ ደግሞ ከዚህ የባሰ ተፈጥሯል። ካሸሩ ሦስት ሰዎችን አጥቶ እንደ አዲስ መዝግቧቸዋል፤ ቁጥር እንዳይደገም የሚከለክለው ኢንዴክስም ሳይከለክል አሳልፎታል።

ምክንያቱ የፊደል አደራደር ነው። ፖስትግሬስ ጽሑፍ ሲደረድር የሚጠይቀው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ጂሊብሲ የሚባለውን ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) ነው። ይህ ላይብረሪ በ2018 እ.ኤ.አ. ቨርዥን 2.28 ሲወጣ የአደራደር ደንቡ ተቀየረ። ኡቡንቱ 18.04 ላይ ያለው 2.27 ነው፤ አዲሱ ማሽን በሚሠራበት ዴቢያን 12 ላይ ያለው 2.36። የአባል ቁጥራችን በመሃሉ ሰረዝ አለበት፤ ቅርንጫፍ፣ ሰረዝ፣ ተራ ቁጥር። በድሮው ደንብ «11» ከ«1-1» ይቀድማል፤ በአዲሱ «1-1» ይቀድማል። እኛ የቀዳነው በድሮው ደንብ የተደረደረ ኢንዴክስ ነው፤ አዲሱ ማሽን የሚፈልገው ደግሞ በአዲሱ ደንብ ነው። ሰውዬው መደርደሪያው ላይ አለ፤ የምንፈልገው በሌላ መደርደሪያ ነው። የእኛ ቨርዥን ደግሞ ስለዚህ ምንም ማስጠንቀቂያ አልሰጠም።

መፍትሔው፦ የተደገሙትን ሦስት መዝገቦች በእጅ አዋሕደን፣ የጽሑፍ ኢንዴክሶቹን በሙሉ እንደገና ገነባን። 22 ደቂቃ ፈጀ። ከመጀመሪያው ዳታውን ወደ ጽሑፍ አውጥተን መልሰን ብንጭነው ኖሮ ኢንዴክሶቹ በአዲሱ ደንብ ይገነቡ ነበር፤ ችግሩ አይፈጠርም ነበር። ለሁለት ሰዓት መቆም ስለፈራን አንድ ሙሉ ጠዋት ቆምን። እማማን ዕለቱኑ ቤታቸው ድረስ ደውዬ ቀሪ ሂሳባቸውን ነገርኳቸው።

ሚያዝያ

ሁለቱም ሰርቨር አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ቢቃጠልስ? ስለዚህ አይሲቲ ፓርክ ካለ ዳታ ሴንተር (የሰርቨሮች ማዕከል) ውስጥ አንድ ቨርቹዋል ማሽን ተከራየን። ይህ አያስ ነው፤ በአገር ውስጥ፣ በብር፣ በወር 14,000። በመካከላቸው ዋየርጋርድ (የተመሰጠረ መስመር) ዘረጋን። የራሳችን ፕራይቬት ከተከራየነው ማሽን ጋር ተገናኘ፤ በዚህ ሃይብሪድ ሆንን።

ውሉ ላይ አገልግሎቱ 99.9 በመቶ ጊዜ ይሠራል ይላል። ይህ በዓመት ወደ 9 ሰዓት ገደማ መቆምን ይፈቅዳል። 99.5 ቢሆን ወደ 44 ሰዓት ነበር። ቢቋረጥ የሚመለስልን የኪራዩ ድርሻ ብቻ ነው፤ የእኛ ኪሳራ አይቆጠርም። ይህን ለቦርዱ በግልጽ ጻፍነው።

የ400 ጊጋባይቱን ሰነድ በ10 ሜጋቢት መስመር ለመላክ 89 ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም ማንም ሳይነካው። ሙሉ በሙሉ ኢንክሪፕት የተደረገ (የተመሰጠረ) ዲስክ ላይ ቀድተን በራይድ ወሰድነው። ከትራፊኩ ጋር 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ከዚያ ወዲህ በየሌሊቱ የሚሄደው ለውጡ ብቻ ስለሆነ 40 ደቂቃ አይሞላም።

ቀጥሎ አራት ቀን ያደከመን ነገር። በየቀኑ ጠዋት 5 ሰዓት ሲሆን ቅርንጫፎቹ ይንቀራፈፋሉ። ፋይበሩን ጠረጠርን፣ ስዊች ቀየርን፣ አዳማ ድረስ ሰው ላክን። ለካ ባክአፑ ነው። እኔ ወረቀት ላይ «ባክአፕ በ8 ሰዓት» ብዬ ጽፌ ሰጠሁ። ሌሊት 8 ማለቴ ነው። ባልደረባዬ ክሮኑ (ሰርቨሩ ሥራን በሰዓቱ የሚጀምርበት ሠንጠረዥ) ላይ 8 ብላ አስገባች። ሰርቨሩ የሚቆጥረው በግሪንዊች ነው፤ የእሱ 8 ለእኛ ጠዋት 5 ሰዓት ነው። ሰልፉ የሚደራበት ሰዓት! የሰርቨሩን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ቀይረን ክሮኑ ላይ 2 ጻፍን። ከእንግዲህ በሥራ ወረቀት ላይ ሰዓት የሚጻፈው በሁለቱም አቆጣጠር ነው፤ ግድግዳው ላይም ለጥፈነዋል።

ሰኔ

የሙከራ ቅዳሜ። ሁለቱንም ሰርቨር አጠፋንና «ክፍሉ ተቃጠለ» አልን። ከዳታ ሴንተሩ ባክአፕ ኮር ሲስተሙን ለማስነሳት ያቀድነው 1 ሰዓት ነው። የፈጀው 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ።

ምክንያት፦ ባክአፑ የተቆለፈበት ቁልፍ የፓስዎርድ ማስቀመጫው ውስጥ ነው፤ ማስቀመጫው ደግሞ ያጠፋነው ሰርቨር ላይ ነው። እውነተኛ ቃጠሎ ቢሆን ባክአፑ በእጃችን እያለ አንከፍተውም ነበር። ያን ቀን ሰርቨሩን መልሰን አስነስተን ቁልፉን አወጣን። አሁን ቁልፉ ታትሞ፣ በታሸገ ፖስታ፣ አንዱ የፋይናንስ ካዝና ውስጥ፣ ሌላው አዳማ ቅርንጫፍ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደገምነው፦ 47 ደቂቃ።

በዚህ መሃል ሌሎች ሦስት ማኅበራት ሰምተው መጡ። እነሱም ሰርቨራቸው አንዱ ጠረጴዛ ሥር፣ አንዱ መጋዘን ውስጥ ነው። ተመሳሳይ ሥራ፣ ተመሳሳይ ሕግ፣ ተመሳሳይ የሰው እጥረት። ለየብቻ ከምንገዛ አንድ ላይ ብንገነባስ? ኒስት ኮሚዩኒቲ ክላውድ የሚለው ይህን ነው። ኤክሴሉ ላይ አምስተኛ ረድፍ ከፈትን። ወጪው በአባል ብዛት እንዲከፋፈል ተስማማን፤ መረጃው አገር ውስጥ እንዲሆንም ተስማማን። ሐምሌ 8 እንደገና እንገናኛለን። «ሌሊት ሲበላሽ ማን ይነሳል?» በሚለው ዓምድ ላይ አራቱም ማኅበራት የጻፉት ገና የለም።